የአማቴ ኪሎ

ትክክለኛ ሚዛን ሰው ያጣላል! አዎ፣ በደንብ አንብባችሁኛል። ሰፈር የሚያምሰው የተሳሳተው ሚዛን አይደለም፤ ትክክለኛው ነው። ቤታችሁ ውስጥ ልክ የሆነ ነገር ካለ ዛሬውኑ በጨርቅ ሸፍኑት፣ ምክሬ ነው። ይህን የምለው ደግሞ እንዲያው ከመሬት ተነስቼ እንዳይመስላችሁ። ሰሞኑን በጠራራ ፀሐይ፣ መርሳ ገበያ መሐል፣ አንዲት ሚዛን በማስተካከሌ ብቻ ከነጫማዬ ልበላ ነበር!

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ። እንደምታውቁት ለእናንተ የምጫጭረው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በሌሎቹ ቀናት እንጀራዬ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የፋብሪካውን ስም ተዉት፣ እንድከርምበት እፈልጋለሁ። ሥራዬ መርፌ መጠበቅ ነው። የእንፋሎቱን ግፊት፣ የጋኑን ሙቀት፣ የውሃውን ከፍታ የሚናገሩ ክብ ክብ ጌጆች አሉ፤ እነሱ ሲታመሙ አካሚያቸው እኔ ነኝ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያለ አንዳች ወረቀት፣ በጆሮዬና በጣቴ ሳክም ኖሬያለሁ። የአንዱን ጌጅ መስታወት በጥፍሬ ሁለት ጊዜ ቆርቆር ካደረግኩት፣ መርፌው አመሉ ምን እንደሆነ በድምፁ ይነግረኛል። "ኧረ አታጋን!" ትሉኝ ይሆናል። አጋንኛለሁ፤ ግን በጣም አይደለም።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ማስታወቂያ ተለጥፎ ጠበቀን። የሙያ ብቃት ምዘና... ያ ሁላችንም ስሙን ስንሰማ የምንሸሸው ሲኦሲ... እሱን ያላለፈ ሰው ከእንግዲህ የመለኪያ መሣሪያ በእጁ እንዳይነካ! እስከ ምዘናው ቀን ድረስም ቢሆን እጅ መሰብሰብ ነው።

"ያላለፉትስ ምን ይሆናሉ?" ብዬ የክፍል ኃላፊያችንን ጠየቅኩት።

"በር ላይ ሰው ይጎድለናል" አለኝ፣ ወደ ጥበቃው ቤት በአገጩ እያመለከተ።

በቃ! በአርባ አራት ዓመቴ ከመርፌዎቼ ተለይቼ የሰው ኪስ ስዳብስ ልውል! ጥበቃ ክቡር ሥራ ነው፣ አልናቅኩትም። ነገር ግን እኔ እነዚያን መርፌዎች እወዳቸዋለሁ። ሲንቀጠቀጡ እደነግጣለሁ፣ ሲረጉ ደስ ይለኛል፤ ሰው ስለ ልጆቹ እንደሚያወራ ስለ እነሱ አወራለሁ። ያን ዕለት ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ይህ በእኔ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ነው።

ምን አማራጭ አለኝ? ተመዘገብኩና ሞጁል የሚሉትን የማጥኛ ጥራዝ ተቀበልኩ። ምዘናው ወልድያ ነው፤ የቀረኝ ሦስት ሳምንት። ደብተር ልገዛ ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ "ለስንተኛ ክፍል ልጅ ነው?" ቢለኝ፣ "ለትልቁ ልጅ ነው" ብዬ ሹልክ አልኩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ቤቴን ወርክሾፕ አደረግኩት። ሻይ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ቴርሞሜትር ነከርኩ። የውሃ በርሜላችን ላይ ደግሞ ከባዶ ጀሪካን ተንሳፋፊ ሠርቼ፣ በርሜሉ ሲሞላ የሚጮህ ደወል ገጠምኩለት። የውሃ ፈረቃችን የደረሰ ዕለት ደወሉ ጮኸ! ጮኸና... አልቆምም አለ። ሽቦውን እስክበጥሰው ድረስ የላይኛውም የታችኛውም ሰፈር ባልዲውን ይዞ በራችን ላይ ተሰልፏል። ነፃ ውሃ የሚታደል መስሎት ነው። ባለቤቴ ሰዓዳም አላሳፈረቻቸውም፤ ለሁሉም ቀዳችላቸው። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ከጎረቤት ለመንን።

ሰዓዳ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ያነበብኩትን ሁሉ የምወጣው እሷ ላይ ነው።

"ስሚኝማ ሰዓዳ። ይኼ መሣሪያ መልእክቱን የሚልከው ከአራት እስከ ሃያ ሚሊአምፔር ነው። የሚለካው ነገር ባዶ ቢሆን እንኳ አራት ይልካል። 'አለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ወሬ ግን የለኝም' ማለቱ ነው። ዜሮ ከላከ ሽቦው ተበጥሷል!"

"ትናንት ሽንኩርት ግዛ ብዬ ልኬህ ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ" አለችኝ። "አላነሳህም። ስንት ላክህ ማለት ነው?"

"...ዜሮ።"

"እንግዲያው ሽቦህን ቀጥልና ሽንኩርቱን አምጣ!"

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ካሊብሬሽን የሚባለው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። የተሳሳተን መሣሪያ ከትክክለኛ መለኪያ ጋር አስተያይቶ ወደ ልኩ መመለስ ማለት ነው፤ የሙያው ዋና ነገር ይኸው ነው። ሞጁሉ "በተግባር ተለማመድ" ይላል። በምን ልለማመድ? ፋብሪካ እንዳልነካ ተከልክያለሁ፣ በርሜሉን እንዳልጠጋ ደግሞ ሰዓዳ ከልክላኛለች። ቤቱን በዓይኔ ስቃኝ ስቃኝ... ከበሩ ኋላ የአማቴ ሚዛን ተቀምጣለች!

አማቴን ላስተዋውቃችሁ። እማማ ዘሃራ መርሳ ገበያ ውስጥ ማንጎ መሸጥ ከጀመሩ የትየለሌ ነው። ቤታችን ለገበያው ስለሚቀርብ ሚዛናቸውን የሚያሳድሩት እኛ ጋ ነው። ያቺ ባለ መርፌ ሚዛን ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ሙሄ የገዙላቸው ናት። አሁን "ሰዓዳን ካገባህ አሥር ዓመት ሙሉ ስለዚህች ሚዛን ሳትሰማ እንዴት ኖርክ?" እንዳትሉኝ። እኔ የመርሳ ሳልሆን የሐራ ልጅ ነኝ፤ ደግሞስ አማች የሆነ ሰው ማንጎ በኪሎ ይገዛል እንዴ? በዘንቢል ይላክለታል እንጂ!

አየኋት። ባዶዋን ሆና መርፌዋ ከዜሮ ወደ ኋላ ሸርተት ብላለች። ልቤ ዘለለች! የታሸገ የአንድ ኪሎ ጨው ሦስት ገዛሁና አንድ በአንድ ጫንኩባት። አንዱን ኪሎ አንድ ኪሎ አልሞላም አለች። ሁለቱንም እንደዚያው፣ ሦስቱንም እንደዚያው። ሕመሟ ታወቀ! ካቻቢቴዬን አወጣሁ፣ ከኋላዋ ያለችውን ብሎን ቀስ አድርጌ አዞርኩ፣ መርፌዋ መጣች፣ መጣች... ዜሮ ላይ ቁጭ! ጨዉን መልሼ ስጭን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ዝንፍ የለም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለማንም አልተናገርኩም። በስጦታ መልክ ነው ያሰብኩት፤ አማቴ ገበያ ላይ ልኩን አይተው እንዲገረሙ።

ተገረሙ እንጂ!

የገበያው ቀን የምዘናው ዋዜማ ነበር። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ የቀረኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነው፤ ስለ መቆጣጠሪያ ቫልቭ። እኔ የጌጅ ሰው ነኝ፣ ቫልቭ የሌላ ክፍል ሥራ ስለሆነ ምኑንም አላውቀው። ቀኑን ሙሉ ላነበው ተሰናድቼ፣ እርሳሴን ቀርጬ፣ ገና ርዕሱን ሳነብ ሰዓዳ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወርዶ እያለከለከች ገባች።

"ተነስ!"

"ሰዓዳ፣ ነገ እኮ ምዘና..."

"እማዬን ሌባ አሏት! ተነስ ብዬሃለሁ!"

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ስደርስ የአማቴ መደብ በሰው ተከቧል። መሐል ላይ አባ ይመር ቆመዋል። አባ ይመር የሲሪንቃ ገበሬ ናቸው፤ በየገበያው ቀን ከእማማ ዘሃራ ማንጎ ሳይገዙ አገራቸው አይመለሱም። ፌስታላቸውን ወደ ላይ አንጠልጥለው ለሕዝቡ ያሳያሉ።

"ኸረ ሰዎች ፍረዱኝ! ይች ኪሎ ናት? እኔ ነኝ ወይስ እጄ ነው ያበደ? ዘሃራ፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ከአንች ስገዛ እንዲህ ያለ ሽባ ኪሎ አይቼ አላውቅም!"

"ወላሂ ይመር፣ እጄን አላስገባሁም! ሚዛኑ እንደ ሁሌው ነው!" ይላሉ አማቴ።

"እኔም አስተውያለሁ" አለች እትዬ ውዴ፣ የጭማቂ ቤት ባለቤት ናት። "ከአምስት ኪሎው ጭማቂ ስጨምቅ ሁለት ብርጭቆ ጎደለኝ። ዘሃራም ትቀሽባለች ወይ ብዬ ደንግጬ ነው የመጣሁት።"

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው እኔ አዋቂው ዓይኔን በጨው አጥቤ ጣልቃ የገባሁት።

"አብሽሩ እማማ! ወገኖቼ ተረጋጉ! ሚዛኗ ልክ ናት። እኔ ራሴ አስተካክያታለሁ!"

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ አህያ ብቻ ነበር ያልዞረው።

"ምን አደረግሃት?" አሉ አማቴ ቀስ ብለው።

"አስተካከልኳት። መርፌዋ ከዜሮ ወደ ኋላ ትሳሳት ነበር እኮ።"

"ሱብሃንአላህ! ትሳሳት ነበር?! አንተ ልጅ፣ እሱ ስህተት ነው? እሱ ምርቃቱ ነው እንጂ!"

ለካ ጉዱ ሌላ ነው! ጋሽ ሙሄ ሚዛኗን የገዙ ዕለት ራሳቸው ናቸው ብሎኗን ወደ ኋላ ያዞሯት። እማማ ዘሃራ ሲበዛ ገራገር ናቸው። ገዢ ሁሉ "መርቂልኝ፣ አንድ ጣል አርጊበት" እያለ ሲነዘንዛቸው ለአንዱ ሦስት ይጨምራሉ፣ ሌላው ሲቆጣ ለእሱ አራት። ጋሽ ሙሄም "ሚዛን መሳሳቱ ካልቀረ እኛ ላይ ይሳሳት" ብለው ምርቃቱን ሚዛኗ ውስጥ አስቀመጡትና ንዝንዙ ቀረ። የመርሳ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ የውርጌሳ ሰው ያውቃል፣ የሲሪንቃ አህዮች ሳያውቁ አይቀሩም። "የዘሃራ ኪሎ" ይባላል። የማላውቀው እኔ፣ የመለኪያ ባለሙያው ነኝ።

እንግዲህ አስቡት! ሴትዮዋ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ትክክለኛ ኪሎ ሸጡ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌባ ተባሉ። የሻርፓቸውን ጫፍ ይዘው ዓይናቸውን ሲጠርጉ ሳይ ወገቤ ተቆረጠ። አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"አፉ ይበሉኝ እማማ። አሁኑኑ ወደ ነበረችበት እመልሳታለሁ።"

"ስንት ነበረች?" አሉ አባ ይመር።

ቆሌዬ የተገፈፈው ያኔ ነው። የካሊብሬሽኑ ምዕራፍ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በደማቅ ጥቁር፣ ምን ይላል መሰላችሁ? "ማንኛውንም ብሎን ከመንካትህ በፊት ያገኘኸውን ንባብ መዝግብ።" እኔስ? በደስታ ሰክሬ ምንም አልጻፍኩም! ወደ ኋላ ሸርተት ማለቷን አስታውሳለሁ። ስንት ግራም እንደሆነ አላህ ይወቀው!

"ሁለት መቶ ግራም ነበር!" አለ አንዱ ከኋላ።

"አንድ ሙሉ ማንጎ ነበር!" አለች ሌላዋ።

"ሁለት ማንጎ!" ያለም አልጠፋ። እሱ ከዚያ በፊት ገዝቶ እንደሚያውቅ እጠራጠራለሁ።

"ዝም በሉ!" አሉ አባ ይመር። ፌስታላቸውን ለእማማ ዘሃራ አቀበሉና ማንጎው እንዲደረደርላቸው ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ጨምሪ ዘሃራ... ጨምሪ... ያችን ቀንሽና ትንሿን አርጊልኝ... በቃ! ይች ናት የዘሃራ ኪሎ። እጄ አይስትም።"

እትዬ ውዴ አልተስማማችም፤ በእሷ እጅ ሲመዘን ትንሽ ይጎድላል። ሦስተኛ እጅ ተጠራ፣ አራተኛም መጣ። እያንዳንዳቸው ዓይናቸውን እየጨፈኑ "የዘሃራ ኪሎ ይች ናት" ያሉትን ማንጎ እኔ በልኩ ሚዛን እየመዘንኩ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ደግሞ ታምር ነው፣ የእጆቹ ልዩነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም! ፋብሪካችን ውስጥ ካሉት ጌጆች ግማሾቹ እንደዚያ አይስማሙም። አማካዩን ወሰድኩ። ብሎኗን በዚያ ልክ ወደ ኋላ መለስኩና ማንም ሁለተኛ እንዳይነካት በሰዓዳ የጥፍር ቀለም አሸግኳት። የጠዋት ገዢዎች የጎደለባቸውን ለመቀበል መጡ። ከዚያ ያልጎደለባቸውም መጡ፣ እማማ ዘሃራ ለእነሱም ሰጡ። ቀና ስል ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የቫልቩ ምዕራፍ እቤት ገና ርዕሱ ላይ እንደተገለጠ ነው።

"ነገ ፈተና አለህ አይደል የኔ ዓለም?" አሉኝ አማቴ ዘንቢላቸውን እያነሱ። "አጥንተሃል?"

"አዎ እማማ።"

ዋሸሁ። ሌላ ምን ልበላቸው?

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከመርሳ ወልድያ ባለው መንገድ ምዕራፏን ጠጥቼ እወርዳለሁ ብዬ ሞጁሉን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ግን ከተማውን ሳንወጣ እንቅልፍ ጣላቸውና ራሳቸውን ቀጥ አድርገው ሞጁሉ ላይ አሳረፉ። ሲሪንቃ ላይ ልቀሰቅሳቸው አሰብኩ። ሽማግሌ ናቸው፣ አሳዘኑኝ። ወልድያ እስክንደርስ ያነበብኩት ኮፍያቸውን ነው።

የምዘናው ክፍል ስገባ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ብድግ አሉ! መዛኙ መስያቸው ነው። "ተቀመጡ ልጆች" ብዬ ከመሐላቸው ስቀመጥ የደነገጡትን መደንገጥ ባያችሁ! እውነተኛዋ መዛኝ ስትገባ ደግሞ ልጄ የምትሆን ኢንጂነር ናት። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች።

"አባቴ፣ ልጅዎን ሊያደርሱ ነው?"

"አይ ልጄ፣ ራሴን ላደርስ ነው።"

የጽሑፉ እንደምንም አለፈ። በተግባሩ ለያንዳንዳችን አንድ አንድ የታመመ ጌጅ ታደለን። ወጣቶቹ ካቻቢቴያቸውን መዘዙ። እኔ እስክሪብቶ መዘዝኩ።

"ለምን አይጀምሩም?" አለችኝ።

"ጀምሬያለሁ። ያገኘሁትን እየጻፍኩ ነው። ይኼ ካልተጻፈ ሰው ይካሰሳል!"

ፈገግ አለችና የሆነ ነገር ጫረች። ልቤ ሞቅ አለ፤ ልክ መሞቅ ሲጀምር የቃል ጥያቄው መጣ።

"የቦይለር ነዳጅ መስመር ላይ አየር የሚያንቀሳቅሰው መቆጣጠሪያ ቫልቭ አለ። አየሩ በድንገት ቢቋረጥ ቫልቩ ይከፈት ወይስ ይዘጋ? ለምን?"

ቫልቭ! ሰው የተኛባት ያቺ ምዕራፍ! የፋብሪካው በር ታየኝ፣ ሰልፍ ይዘው ኪሳቸውን የሚያስዳብሱ ባልደረቦቼ ታዩኝ። ቆይ፣ ልሽሽ ወይስ ልገምት? ከዚያ መቼም ሌላ የማውቀው ስለሌለ የማውቀውን አሰብኩ። ጋሽ ሙሄ ያቺን ብሎን ሲያዞሩ ምን ብለው ነበር? ሚዛን መሳሳቱ ካልቀረ ማን ላይ ይሳሳት?

"ልጄ" አልኳት፣ "ዕቃ መሳሳቱ ካልቀረ፣ መሳሳት ያለበት ሰው በማይጎዳበት በኩል ነው። ነዳጁ እየፈሰሰ ሰው ከሚቃጠል እሳቱ ጠፍቶ ሥራ ይፈታ። ቫልቩ ይዘጋ።"

"የማቀዝቀዣ ውሃ መስመር ቢሆንስ?"

"እሱማ ይከፈት! ዕቃው ግሎ ከሚፈነዳ ውሃ ቢባክን ይሻላል።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ይኼን ከየትኛው ሞጁል ነው ያነበቡት?"

"ከአማቴ ነው። ማንጎ ይሸጣሉ።"

ሳቀች? ሳል ነው? አልለየሁትም። ጻፈችና ወደሚቀጥለው ልጅ አለፈች።

ውጤቱ የተለጠፈው ከቀናት በኋላ ነው። ሲኦሲ ላይ "ወደቅህ" አይሉም፤ ወይ "ብቁ"፣ ወይ "ገና ብቁ ያልሆነ" ነው የሚሉት። ያቺ "ገና" የምትባል ቃል እንዴት እንደምታስፈራ የደረሰበት ያውቃታል! ስሜን በጣቴ እየተከተልኩ፣ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ፣ መስመሩ ጫፍ ድረስ ሄድኩ። ብቁ! ደግሜ አነበብኩ። ብቁ! ወልድያ አደባባይ ላይ አንድ ባጃጅ ሹፌር አቀፍኩ። ሰውዬው ወዴት ነው የምትሄደው ይለኛል፣ እኔ መርፌዎቼ፣ መርፌዎቼ እላለሁ።

መርሳ ስደርስ እቤት እንኳን ሳልገባ በቀጥታ ወደ ገበያው ሮጥኩ።

"እማማ! አለፍኩ!"

"አልሐምዱሊላህ! እልልልል!" እማማ ዘሃራ ከመደባቸው ብድግ አሉ፣ ገዢዎቹም አብረው እልል አሉ። አቅፈው ሲስሙኝ እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። "በስንት አለፍህ የኔ ዓለም?"

"ቁጥር የለውም እማማ። ብቁ ብቻ ነው የሚሉት።"

"ብቁ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ልክ ማለት ነው። የሚፈለገውን ያህል ማለት ነው፣ ሳይጎድል ሳይተርፍ።"

እልልታቸው ቆመ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ገዢዎቻቸው ዞረው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አሥራ ሦስት ዓመት ለሠራ ሰው ልኩን ብቻ? ምንም ሳይመርቁለት? ወየው... ምን ዓይነት ቋጣሪዎች ናቸው!"